የሼህ ሙህዬ ግራ እጅ

ሼህ ሙህዬ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ጁምዓ ጠዋት፣ ወደ አኼራ ሄደዋል። መርዶው ከመካነ ሰላም ወጥቶ ወግዲና ደጎሎ እስኪደርስ ቀናት እንደሚወስድ አውቃለሁ። ገና ያልሰማችሁ ካላችሁና ከኔ ወረቀት ላይ የምታነቡት ከሆነ ይቅርታችሁን እለምናለሁ። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ብርሃን ያድርግላቸው።

ይህን የምጽፈው ሉባባ ነኝ፤ የልብስ ሰፊው የይመር ልጅ፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ። ለእንደሳቸው ያለ ሰው መታሰቢያ መጻፍ የትልቅ ሰው ሥራ እንደሆነ ተነግሮኛል። ሆኖም ከመርዶው ሌላ አንድ ወሬ አለኝ፤ ብዕር ያስያዘኝም እሱ ነው። ከትናንት ወዲያ ሐጂ ኑሩ በእግራቸው አባቴ ሱቅ ድረስ መጡ። ሼህ ሙህዬ ሲጽፉት ኖረው አንዲት ገጽ ሲቀራቸው የሞቱበት የመንዙማ መጽሐፍ፣ በአርባቸው ዕለት በሐጂ ሐድራ፣ ማለት ሰው ተሰብስቦ መንዙማ በሚሰማበትና ዱዓ በሚደረግበት ቤት፣ እንደሚነበብ ነገሩን። የቀረችውን ገጽ ደግሞ እኔ እንድጽፋት ታዘዝኩ። በግራ እጄ።

ለቅሶ ላይ ያለች ልጅ እንዲህ ደስ ይላታል ወይ ብላችሁ ትታዘቡኝ ይሆናል። ታዘቡኝ፤ ግን መጀመሪያ ነገሩን ስሙኝ።

ሼህ ሙህዬ ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከገብስ ማሳው ጫፍ ላይ ነው። ከክዳኑ ጥላ ስር አጎዛ አንጥፈው፣ ጉልበታቸው ላይ ሰሌዳ አሳርፈው ሲጽፉ ያላያቸው የአካባቢው ሰው የለም። የአማርኛውን መንዙማ በዐረብ ፊደል ይገለብጡ ነበር። ቀለሙን ከኩራዝ ጥላሸትና ከግራር ሙጫ ራሳቸው ያዘጋጃሉ፤ ብዕሩን ከመቃ ራሳቸው ይቀርጻሉ። በገበያ ቀን ደግሞ አንድ እቅፍ መቃ ይዘው መጥተው ከአባቴ የልብስ መኪና አጠገብ ይቀመጡና፣ ለጠየቃቸው ልጅ ሁሉ ብዕር ሲቀርጹ ይውላሉ። የቁርኣን ቤት ልጅም ይመጣል፣ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅም ይመጣል። የማን ልጅ እንደሆነ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እጅህን አሳየኝ።»

መዳፉን ገልብጠው ያያሉ፣ ጣቶቹን ይለካሉ፣ ከዚያ ቢላዋቸውን ያነሳሉ። «ብዕር በእጅ ልክ ካልተቀረጸ ልጁ ጽሑፍ የከበደው ይመስለዋል» ይሉ ነበር። ይህን ቃላቸውን እባካችሁ አትርሱት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የቅርብ ወዳጃቸው መሪጌታ ወርቄ ነበሩ። መሪጌታ ብራና ላይ የሚጽፉ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸው፤ መቃ ፍለጋ ይመጡና ስለ ቀለም ሲከራከሩ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። «የእርስዎ ቀለም ሙጫው በዝቶ ዝንብ ይይዛል» ይላሉ መሪጌታ። «የእርስዎ ደግሞ ሙጫው አንሶ ጸሎቱ ጠዋት ተጽፎ ማታ ይረግፋል» ይመልሳሉ ሼሁ። ሁለቱም ግን ሲለያዩ አንዱ የሌላውን ቀለም በቀንድ ሞልቶ ይዞ ነው የሚሄደው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሼህ ሙህዬ ከወግዲ ሲመለሱ፣ ወንዝ ሲሻገሩ በቅሏቸውን አዳለጣትና በቀኝ ክንዳቸው ወደቁ። ወጌሻው አሰረላቸው። ክንዱ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን እንደ ደረቀ ቆዳ ድርቅ ብለው ቀሩ። ብዕር ሲያስይዟቸው ይወድቃል። በዚያን ጊዜ ለሐጂ ኑሩ ሐድራ የሚጽፉት መጽሐፍ ከግማሹ ጥቂት አልፎ ነበር። የቀድሞው መጽሐፍ ምስጥ በልቶት፣ ሽማግሌዎቹ በቃል የያዙት መንዙማ ከነሱ ጋር እንዳይቀበር ተብሎ የተጀመረ ነው። እንደሳቸው የሚጽፍ ሰው በአካባቢው አልነበረም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ አባቴ ሱቅ ተቀምጬ፣ እሱ ሰው እየለካ የሚጠራልኝን ቁጥር ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሼህ ሙህዬ ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡና እጄን ያያሉ።

«ሉባባ፣ እጅሽን ቀይሪ» አለኝ አባቴ። «ሼሁ ተቀምጠው አታይም?»

«ተዋት ይመር። እኔም የመጣሁት እሷ ዘንድ ነው።»

«እሷ ዘንድ? ምን ላድርግልዎ?»

«አንተ ምንም። እሷ በግራ መጻፍ ታስተምረኝ።»

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቀረ። «ሼህ፣ በልጄ አይቀልዱ። እኔ ይህን እጅ ላስተዋት ስንት ዓመት ደክሜያለሁ።»

«ስላልተሳካልህ አልሐምዱሊላህ» አሉት። «ቢሳካልህ ኖሮ እኔ ዛሬ ማን ዘንድ እሄድ ነበር?»

የግራ እጄን ነገር ለማታውቁ ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ምግብ ሳነሳበት እመታለሁ። ትምህርት ቤት ደግሞ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ስር ባለው የፊት ወንበር አስቀምጠውኝ፣ በቀኝ እንድጽፍ እታዘዛለሁ፤ በቀኝ ስጽፍ ፊደሌ የዶሮ ጭረት ነው። በግራ ስጽፍ ያምራል፤ ግን አማርኛው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ እጄ ከኋላ እየተከተለ ያልደረቀውን ቀለም ይጠርገዋል። ደብተሬ ሁልጊዜ የተለቀለቀ ነው፤ የትንሿ ጣቴ ጠርዝ ሁልጊዜ ጥቁር ነው። የክፍሌ ልጆች «ጥላሸት» ይሉኝ ነበር። እንግዲህ የአገሩ ሁሉ ጸሐፊ መጥተው አስተምሪኝ ያሉኝ ይህን እጅ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ቀጥታ እሳቸው ቤት መሄድ ጀመርኩ። ባለቤታቸው እማ ዘሀራ እህል እየለቀሙ ከአጠገባችን ይቀመጣሉ። ውላችን እኔ ግራውን ላስተምራቸው፣ እሳቸው የዐረብ ፊደሉን ሊያስተምሩኝ ነበር። መጀመሪያ ቀን አጎዛው ላይ እኔን አስቀምጠው እሳቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ኧረ ይነሱ፣ እኔ ነኝ እዚያ የምቀመጠው» አልኳቸው።

«የሚያስተምር አጎዛ ላይ ነው የሚቀመጠው። ፊደሉ ሲደርስ እንቀያየራለን። እስኪ ብዕሩን እንዴት ነው የምትይዢው?»

«እንጃ። ዝም ብዬ ነው የምይዘው።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ያዥው፤ እኔ ዝም ብዬ ላይ።»

አርባ ዓመት ሙሉ የጻፉ ሰው አሊፍን፣ ያቺን አንዲት ቀጥ ያለች መስመር፣ ማቆም አቃታቸው። ብዕሩ ይቧጭራል፣ መስመሩ መሃል ላይ ይቆለመማል። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ የትልቅ ሰው ገበና ያየሁ ነው የመሰለኝ። እሳቸው ግን ሰሌዳውን ራቅ አድርገው አዩትና «ይኸኛው አሊፍ አንቀላፍቷል» አሉ። ሁለተኛውን ጻፉ። «ይኸኛው ጉልበቱን አሞታል።» ሦስተኛውን እማ ዘሀራ በትከሻቸው ላይ አይተው፣ «ይኸኛውስ ካንተ ጋር አብሮ ከበቅሎ የወደቀ ነው» አሏቸውና ሁላችንም ሳቅን።

የምንለማመደው ሉህ ላይ፣ ማለት ተጽፎ በሚታጠበው የእንጨት ሰሌዳ ላይ ነው። የሉህ እጣቢ ሰው በሚረግጠው ቦታ አይደፋም። እማ ዘሀራ ሼሁ በወደቁበት ሳምንት በግቢው ጥግ አንዲት የወይራ ችግኝ ተክለው ነበርና፣ እጣቢውን ሁሉ እሷ ስር እናፈስ ነበር። ችግኟ ያን ጊዜ ከስንዝር አትበልጥም። እኔ የተበላሸብኝን ቶሎ ብዬ ላጥብ ስነሳ ግን እጄን ይይዙኝ ነበር። «መጀመሪያ እዪው» ይሉኛል። «በደንብ እዪውና ከዚያ እጠቢው። ሳያዩ ማጠብ መሸሽ ነው።» እሳቸውም የራሳቸውን፣ ያን የተንሻፈፈ ፊደል፣ እንደ ሰው ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ሳያነቡ አያጥቡም።

የፊደሉ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር ሆነ። ሁለት መስመር ጽፌ ስጨርስ እጄን አየሁት፣ ገለበጥኩት፣ ሮጬ እማ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ።

«እማ ዘሀራ፣ ትንሿን ጣቴን ይዩልኝ።»

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። እሱን እኮ ነው የምልዎ።»

ንጹህ ናት። ሼህ ሙህዬ ከተቀመጡበት ሰሙና ጠሩኝ። «በአማርኛው እጅሽ ከኋላ እየመጣ ቃሉን ይረግጠዋል። በዚህኛው ግን እጅሽ ከፊት ከፊት እየሄደ መንገድ ይመራል። አየሽ፣ እጅሽ ጥፋት የለበትም፤ የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው ያጣው።» በኋላ ለአማርኛውም ዘዴ ፈለጉልኝ፤ ወረቀቱን አጋድሜ፣ እጄን ከመስመሩ በታች አድርጌ እንድጽፍ። ደብተሬ የጸዳው ከዚያ ወዲህ ነው።

መሪጌታ ወርቄ አንድ ቀን መጥተው ሁለታችንን በግራ እጃችን አቀርቅረን አገኙን። «እኛ ከግራ ወደ ቀኝ እንጽፋለን፣ እናንተ ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋላችሁ» አሉ ቆመው፤ «ሁላችንም ብንበረታ መሃል ላይ አንድ ቀን መገናኘታችን አይቀርም።»

ሁሉም ቀን ግን የሳቅ አልነበረም። ሦስት ወር አለፈ፣ አራት ወር አለፈ፣ የሼህ ሙህዬ ብዕር መቧጨሩን አልተወም። ወፍራም መሆን ያለበት ቀጥኖ ይወጣል፣ ቀጭን መሆን ያለበት ቀለም ይተፋል። ያን ሰሞን ሐጂ ኑሩ የመጽሐፉን ነገር ሊጠይቁ መጡ። ሉሁን አይተው ፊታቸው ጠቆረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እየተማርኩ ነው ሐጂ።»

«በግራ? የነቢዩ ስም ያለበትን መንዙማ በግራ? ወላሂ፣ በግራ የተጻፈ በኔ ሐድራ አይነበብም። የጀመርከውን ለሚችል ሰው ብትሰጠው ይሻላል።»

ሼህ ሙህዬ ቀስ ብለው «ሐጂ፣ ቀኙን የወሰደብኝም ግራውን የተወልኝም አንድ ጌታ ነው» አሉ። ሐጂ በቅሏቸውን ፈትተው ሄዱ።

ያን ዕለት ሼህ ሙህዬ ስለ ፊደላቸው አልቀለዱም። ፊታቸውን ወደ ማሳው አዙረው ብዙ ቆዩ። እኔም የራሴ ዐይን፣ ያቺ አፏን እንደከፈተች የምትቀር ፊደል፣ አልሆን ብላኝ ነበርና፣ «አባባ፣ ይህ ነገር አይሆንልንም» አልኳቸው። ዘወር ብለው አዩኝ። «አልሆን ያለው ለእጃችን ነው ወይስ ለእፍረታችን?» አሉኝ። «እፍረቱ ከሆነ እሱ እዚያ ጥግ ይቀመጥ፤ እጃችን ይሥራ።» ሉሁን ሳብ አድርገው ጻፉ። ያም ተንሻፈፈ። አዩት፣ አጠቡት።

አሁን ወደዚያ አትርሱት ወዳልኳችሁ ቃል መጣሁ። ዝናብ የሚጥልበት ቀን ነበር። ሼሁ ሲጽፉ ብዕራቸው ጫፉ ላይ ተሰነጠቀ። ሌላ የተቀረጸ አልነበራቸውም፤ ቢላዋው ደግሞ መሪጌታ ዘንድ ነው። አጎዛው ጠርዝ ላይ የኔ ብዕር ወድቋል። ያን ብዕር ራሴ ነበርኩ የቀረጽኩት፣ በግራ እጄ ቢላዋ ይዤ፤ ጫፉ እሳቸው ከሚቀርጹት ተገላቢጦሽ ተንሸዋሮ ነበር። ባዩት ቁጥር «ይቺ ብዕር ጀርባዋን ሰጥታኛለች» እያሉ ይስቁባት ነበር።

«እንግዲህ ለጊዜው ባንቺ ኩርፈኛ ልጻፍ» ብለው አነሷት።

አሊፍ ጻፉ። ቀጥ ብላ ቆመች። ወፍራሙ ወፈረ፣ ቀጭኑ ቀጠነ። ሌላ ጻፉ። ዋው ጻፉ፣ ዐይን ጻፉ። ከዚያ ብዕሯን ወደ ብርሃኑ አንስተው ጫፏን ሲያዩ ሲያዩ ቆዩ።

«ሉባባ፣ ይቺን ብዕር እንዴት አድርገሽ ነው የቀረጽሻት?»

«አበላሽቼ» አልኳቸው።

እማ ዘሀራ ምን ሆናችሁ ብለው ከቤት እስኪወጡ ድረስ ሳቁ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና፣ «የአገሩን ልጅ ሁሉ እጅህን አሳየኝ ስል ኖሬ፣ የራሴን እጅ ሳላየው» አሉ። እውነትም አራት ወር ሙሉ ለቀኝ እጅ በተቀረጸ ብዕር ነበር በግራቸው የሚታገሉት። ቢላዋው በለመደው መንገድ ይሄዳል፤ የተቀየረው እጅ እንጂ ቢላዋው አልነበረማ።

«የአባቴም መቀስ እንዲሁ ነው» አልኩ እኔ። «በግራ ሲይዙት ጨርቁን ያጥፈዋል እንጂ አይቆርጠውም።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጥፋቱ የመቀሱ መስሎኝ አያውቅም። የእጄ ነበር የሚመስለኝ።»

ይህን ስል ሳቃቸውን አቆሙ። እጄን ጠየቁኝና መዳፌን ገልብጠው አዩት፣ ልክ በገበያ ቀን የልጆቹን እንደሚያዩት። «በይ እንግዲህ» አሉኝ፤ «ከዛሬ ጀምሮ የኔንም ያንቺንም ብዕር አንቺ ትቀርጫለሽ።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ቀና ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ግን ያዩት ሰዎች ይታዘቡኛል። ብዕሩ ተስተካከለ እንጂ እጃቸው ገና አልተማረም ነበር። መጽሐፉን ለመቀጠል የደፈሩት ሌላ አንድ ረመዳን አልፎ ነው። ከዚያም በሳምንት አንድ ገጽ፣ አንዳንዴ ግማሽ። አንድ ቃል ከተበላሸ ወረቀቱን ትተው ወደ ሉህ ይመለሳሉ፣ ቃሉን አሥር ጊዜ ይጽፉታል፣ ያዩታል፣ ያጥቡታል፣ ወይራዋ ትጠጣለች። «ይቺ ዛፍ ከኔ የበለጠ ቀርታለች» ይሉ ነበር፤ ተምራለች ማለታቸው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐጂ ኑሩ አልተመለሱም። አንድ ቀን ጨክኜ «ሐጂ አይነበብም ካሉ ለማን ነው የሚጽፉት?» አልኳቸው። «ይነበባል አይነበብም የሐጂ ሥራ ነው» አሉኝ። «መጻፉ የኔ ነው። የሰው ሥራ ከወሰድኩ የራሴን መቼ ልጨርስ ነው?»

ከዝናቡ ጋር የመጣ ሳል ደረታቸው ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻው ረቡዕ ስሄድ ተኝተው አገኘኋቸው። መጽሐፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ራስጌያቸው አለ። አንዲት ገጽ ብቻ ነበር የቀረችው። ያቺን ኩርፈኛ ብዕር ከትራሳቸው ስር አውጥተው ሰጡኝ።

«መጀመሪያም ያንቺ ናት። መመለሴ ነው።»

«ገጿስ?»

«ገጿ የኔም ያንቺም አይደለችም፣ የሐድራው ናት። ከጠሩሽ ጻፊ። ካልጠሩሽ ሌላ ሰው ይጽፋታል። አብሽሪ፣ አታልቅሽ፤ ቀለም ታቀጥኚያለሽ።»

ጁምዓ ጠዋት ሞቱ። ገላቸውን ካጠቡት ሰዎች አንዱ ሐጂ ኑሩ ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን ሰደቃ ላይ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲህ፣ ወንዶቹ ከወዲያ ተቀምጠን ሳለ የሐጂን ድምፅ ሰማሁ። መጽሐፉን አምጡልኝ አሉ። እኔ የመጋረጃውን ጠርዝ ይዤ በቀዳዳው አያለሁ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ይገልጣሉ፤ መሪጌታ ወርቄ አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«ግራው ከየት እንደሚጀምር ልይ ብዬ ነው» አሉ ሐጂ። ገለጡ፣ ገለጡና ጣታቸውን አሳረፉ። «ይኸው። ከዚህ ጀምሮ መስመሩ ዘንበል ብሏል።»

እማ ዘሀራ ከመጋረጃው ወዲህ ሆነው መለሱ። «እሷን የጻፏት ከመውደቃቸው በፊት ነው ሐጂ። ጥርሳቸውን አሟቸው የነበረ ሰሞን። በቀኝ ናት።»

ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጥቂት ገጽ አለፉ። «እንግዲያ ይቺ ናት።»

«እሷም በቀኝ ናት። ያን ቀን የእርስዎ በቅሎ አጥር ሰብራ ጎመናችንን በልታብን፣ ተናደው የጻፏት ናት።»

መሪጌታ ወርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳል መጣብኝ አሉ። ሐጂ ግን አልሳቁም። እስከ መጨረሻው ገለጡ፣ ባዶዋ ገጽ ላይ ደረሱ፣ እጃቸውን አሳረፉባት። ለማንም ሳይሆን እንዲህ አሉ፦ «የግራ ጣቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ቀለሙ አልለቅ አለኝ።» መጽሐፉን በጨርቁ ጠቅልለው ሰጡና ወጡ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ምንም አልሰማንም። ከትናንት ወዲያ ነው አባቴ ሱቅ በር ላይ የቆሙት።

«ይመር፣ ያቺ ግራኝ ልጅህ የታለች?»

«ምን አጠፋች?» አለ አባቴ፣ ሳያስበው።

«አጠፋች አልወጣኝም።» ከዚያ የነገርኳችሁን ነገሩን።

«በግራዬ ነው የምጽፋት?» አልኳቸው።

«በየትኛው ልትጽፊ ኖሯል?» አሉና ሄዱ። አባቴ ማታ ሱቁን ሲዘጋ የልኬቱን ደብተር ሁልጊዜ ከሚያስቀምጥበት አንስቶ በመቀመጫዬ በግራ በኩል አስቀመጠልኝ።

ገጿን እስካሁን አልጻፍኳትም። በአርባው ጠዋት፣ ሰው ሳይሰበሰብ፣ እሳቸው በተቀመጡበት አጎዛ ላይ ነው የምጽፋት። በየቀኑ ሉህ ላይ እለማመዳለሁ፤ ትናንት አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ አጠብኩ። ሦስቱ ተንሻፍፈው ነበር። በደንብ አይቻቸዋለሁ።

ጌታዬ ሼህ ሙህዬ፣ አባቴ፣ እንግዲህ ደህና ይሁኑ። አስተምሪኝ ብለው መጥተው አስተምረውኝ ሄዱ። እርስዎ ያንን የተቆለመመ አሊፍ እኔ ትንሿ ልጅ ፊት ባይጽፉት ኖሮ፣ እኔ የኔን በሰው ፊት ለመጻፍ አልደፍርም ነበር። እጄን ገልብጠው ካዩበት ቀን ጀምሮ ከኪሴ አውጥቼዋለሁ። ወይራዎ ወገቤ ደርሳለች፤ እማ ዘሀራም ደህና ናቸው፤ መሪጌታ ቀለምዎን በቀንዳቸው እንደያዙ ነው፣ ሙጫው በዝቷል ማለቱን ግን ትተዋል። ብዕሯ እኔ ዘንድ ናት። ዛሬም ጀርባዋን እንደሰጠች ናት። አላህ በጀነት ያገናኘን።

እናንተ ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ በወግዲም በደጎሎም ያላችሁ፣ አርባቸው ሁለት ሳምንት አልፎ በሚመጣው ማክሰኞ ነውና ኑ። ይህን ወረቀት አምስት ጊዜ ገልብጬ ልኬዋለሁ፤ ላልደረሰው ንገሩልኝ። ስትመጡ ሉህ ያለው ሉህ ይያዝ፤ የሌለው ከኛ ይወስዳል። መጽሐፉ ከመነበቡ በፊት እያንዳንዳችሁ ባልለመዳችሁት እጅ ስማችሁን ትጽፋላችሁ፣ በምታውቁት ፊደል። መሪጌታ ግራቸውን ካሁኑ እያስለመዱ ነው፤ ሐጂ ኑሩም እመጣለሁ ብለዋል፣ በየትኛው እጅ እንደሚጽፉ ግን አልነገሩንም። ጽፋችሁ ስትጨርሱ በደንብ እዩት፤ ከዚያ አጥባችሁ ወይራዋ ስር አፍሱት። ቢንሻፈፍ አትፈሩ፤ እሷ ለምዳዋለች።